ቦይናውን በጥንድ የቆጠሩት የወይዘሮ ቴማሌቲ ሞአላ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቴማሌቲ ከአባታቸው ከአቶ ሴሚሲ ሞአላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፊናው፣ በቫቫኡ ደሴት በሉአፋንጋ መንደር፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 1941 ተወለዱ። አባታቸው የመንደሩ ቆጣሪ ነበሩ። ለባላባቱ ቦይና ሲቀርብ፣ ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲሞት፣ የመጣውን ሁሉ በሕዝብ ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚቆጥሩት እርሳቸው ነበሩ።

ቦይና፣ ያ ከማሳችን ቆፍረን የምንበላው ሥራ ሥር፣ እንደ ጠጠር አንድ፣ ሁለት እየተባለ አይቆጠርም። በሁለት እጅ ሁለት ይነሣና ጥንድ ይባላል፤ አሥር ጥንድ ሲሞላ ቴካው ሆነ ተብሎ አንድ የኮኮናት ዝንጣፊ ይቀመጣል። ጥንድ ያጣ ቦይና ከቁጥር አይገባም። የተጠራጠረ ሰው በራሱ አፍ መልሶ መቁጠር ይችላል። ቆጣሪው መሐል ላይ ከተምታታበት ግን መንደሩ ቦይናውን ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

ሥራው ከአባት ለወንድ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ያ ወንድ ልጅ ደግሞ የወይዘሮ ቴማሌቲ ወንድም፣ የእኔ አባት አቶ ኢኖኬ ናቸው። አባቴ ከሦስተኛው ቴካው አልፈው አያውቁም። ይህን ሳነብ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋልና ይቅርታ ያድርጉልኝ። አያቴ አቶ ሴሚሲ «ይህ ቆጠራ ከእኔ ጋር ሊቀበር ነው» እያሉ ሲያዝኑ፣ ማሳ ላይ ቦይና የሚያቀብሏቸው ሴት ልጃቸው ሁሉንም በቃላቸው ይዘው ነበር።

አክስቴ በ1948 ትምህርት ቤት ገቡ። እርሳሱንም ደብተሩንም በጥንድ እየቆጠሩ ብዙ ጊዜ ተቀጡ፤ ግትር ነበሩና አልተዉም። በ1961 የቀጧቸውን መምህር ተክተው የሒሳብ መምህርት ሆኑ። በ1964 ከአቶ ማናሴ ጋር ትዳር መሥርተው አምስት ልጆች አፈሩ።

አውሎ ነፋስ ማሳችንን ጠራርጎ በወሰደ በዓመቱ፣ በ1983፣ መንደራችን ለባላባቱ ሃያ ቴካው ቦይና ለማቅረብ ቃል ገባ። «ከየት ያመጡታል?» ያላለ አልነበረም። አያቴ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ ተኝተው ነበር። አባቴ ሊቆጥሩ ተነሡ፤ ሕዝቡን ሲያዩ ተመልሰው ተቀመጡ። ያን ጊዜ አክስቴ በእኛ ዘንድ ለክብር ወገብ ላይ የሚታጠቀውን ሰሌናቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው ወደ ክምሩ ሄዱ።

የጎረቤታችን የማታሊኩ መንደር ቆጣሪ አቶ ሃቪሊ ሳቁ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሂጂ ሰሌንሽን ሥሪ! ይሄ የወንድ ድምፅ ነው የሚፈልገው!» አሉ።

«ድምፅማ ከሆነ አንተ አለህ። እኔ ቁጥሩን አመጣለሁ» አሏቸው አክስቴ።

አቶ ሃቪሊ ሊያምታቷቸው ከጎናቸው ቆመው «አሥራ ሰባት! ሠላሳ አንድ! ዘጠኝ!» እያሉ ይጮኹ ጀመር። አክስቴ ዘወር ብለው እንኳ አላዩአቸውም። ጥንዱን እያነሡ፣ ዝንጣፊውን እያስቀመጡ፣ ሃያኛውን ቴካው ጠሩ። አንድ ቦይና ተረፈ። አንሥተው ለአቶ ሃቪሊ ሰጧቸውና «እንካ፣ ምሳህ ትሁን፤ ስትጮህ ነው የዋልከው» አሏቸው። ባላባቱ ሳይቀሩ ሳቁ።

አቶ ሃቪሊ አላመኑም። ባላባቱም «በል እንግዲህ፣ አፍህም አለ፣ ቦይናውም አለ። ቁጠር» አሏቸው። ላባቸው እየተንጠፈጠፈ ቆጠሩ። ሃያ ቴካው ሞልቶ ተገኘ። የመንደራችን ሴቶች ጨፈሩ፤ እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። አያቴም ቤታቸው ከሜዳው ዳር ስለነበር ከአልጋቸው ሆነው ድምፁን ሰምተው «ልጄ ናት! ልጄ ናት!» እያሉ አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የመንደራችን ቦይና ያለ እርሳቸው አልተቆጠረም። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወንድ ሴት ሳይሉ ልጆች አስተማሩ። «ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?» የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። አፋቸውን ያዘጉት አቶ ሃቪሊ ናቸው፤ በ1991 የልጅ ልጃቸውን ሉሴአኔን እጇን ይዘው መጥተው «ይህቺን አስተምሪልኝ። እኔ እንደሆነ ከጩኸት ሌላ የማወርሳት የለኝም» አሉ።

ባለቤታቸው በ2008 ዐረፉ። አክስቴም በስኳር ሕመም ረጅም ጊዜ ሲታመሙ ቆይተው፣ «በጥንድ ካልሰጣችሁኝ አልውጥም» እያሉ ነርሶቹን ሲያስቁ ከርመው፣ ግንቦት 3 ቀን 2019 በተወለዱ በ77 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። አምስት ልጆች፣ አሥራ ስምንት የልጅ ልጆችና አንድ ቆጠራ የማይችሉ ወንድም ትተው አልፈዋል።

ትናንት አምስት መንደሮች ለቀብራቸው ቦይና ይዘው መጡ። አምስቱም ቆጣሪዎች የአክስቴ ተማሪዎች ናቸው፤ ሦስቱ ሴቶች። ለማታሊኩ የቆጠረችው ሉሴአኔ ናት። እንባዋ እየወረደ፣ ድምፅዋ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰበር፣ ሠላሳ አንድ ቴካው ጠራች። አያቴ የፈሩት አልደረሰም።

ቸሩ አምላክ የአክስታችንን ነፍስ ከወዳጆቹ ጋር ይቁጠርልን። አሜን።