ጎረቤት የሌለው ሕንፃ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ፈኽርያ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺና በቤትሽ ላይ ይውረድ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ የሰጠሽን ቅባት ትቀቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ መስኮት ላይ አስቀምጠሽ ታይዋለሽ? የቧንቧው ውሃ ጨውነቱ ቀነሰላችሁ ወይስ አሁንም የቦቴ ውሃ ነው የምትጠጡት? ልጅሽን ማጂድን ሳሉ ለቀቀው? ሚስቱ ሩቅያስ ከሆዷ ልጅ ጋር ደህና ናት? እኛ ለጤናችን ክፉ አይደለንም፣ ለአላህ ምስጋና ይግባው። ከጤናው የተረፈን ግን ንዴት ብቻ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ የሐዲል አባት ካጠገቤ አይጠፋም፤ አንቺም ጆሮሽ በስልክ ግማሹን ትሰሚና ግማሹን ከራስሽ ትሞይዋለሽ። ስለዚህ ነገ ወደ ባስራ በሚበር ሰው እጅ ይህን ላክሁልሽ።

የመጣንበትን ጉዳይ ታውቂዋለሽ። ልጄ ሐዲል ከጀርመን ሆና «ልጆቼ የባስራን ሙቀት አይችሉትም፤ ባሕር አጠገብ ቤት ቢኖራችሁ ግን እንመጣ ነበር» ካለች ወዲህ አባቷ ሌላ ወሬ የለውም። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ፊቱ የሚፈካው የልጅ ልጆቹ ስም ሲነሳ ብቻ ነው። ከአባታችን የተምር እርሻ ድርሻዬን ሸጠን ቱርክ አገር አፓርታማ እንግዛ አለኝ። አንቺ ደግሞ ሳማክርሽ «እሺም እምቢም አልልሽም፤ ብቻ ሄደሽ በዓይንሽ እዪው» አልሽ። ይኸው አየሁት። ዓይኔ እስኪደክም አየሁት።

አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለን ኒዛር የሚባል ደላላ ነው፤ የሶርያዋ ላታኪያ ልጅ፣ ምላሱ ማር የሆነ። እኔን «አክስቴ»፣ የሐዲልን አባት «ሐጂ» እያለ ሻንጣችንን ከእጃችን ነጠቀ። ሆቴሉም ምግቡም በነፃ ነው ሲለን ደስ አለን። ነፃ ነገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል የገባን በማግስቱ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቀን፣ ከሕንፃ ሕንፃ ስንዞር ውለን ስንገባ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልወልቅ አለ። ገበያ ልይ ብል አይቻልም፤ ዘወር ዘወር ልበል ብል «ትጠፊብናለሽ አክስቴ!» ነው። አብረውን ቤት ሊያዩ የመጡ የባግዳድና የሞሱል ሰዎች አሉ። ከአንዷ ጋር ገና ሐሜት ስንጀምር ኒዛር የሻይ ብርጭቆ ይዞ በመካከላችን ይሰየማል።

የሚያሳዩን ቤት ደግሞ የትም ብንሄድ ያው ነው፤ ነጭ ሶፋ፣ የፕላስቲክ ፍራፍሬ፣ ውሃ የማይወርድበት ቧንቧ። ቧንቧውን ከፍቼ ስሞክር «ይሄ እኮ ለማሳያ ነው አክስቴ» አለኝ። «የኛስ የታለ?» ስለው በመስኮቱ የተቆፈረ ጉድጓድ አሳየኝና «ያንቺ እዚያ ላይ ነው የሚበቅለው» አይለኝም! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ባሕሩ ምን ያህል ይርቃል ስንለው የትም ቦታ «አምስት ደቂቃ» ነው። «በእግር ነው በመኪና?» ብዬ ጠየቅሁት። «በልብ ነው አክስቴ!» ብሎ ሚኒባሱን ሙሉ አሳቀብኝ። የሐዲል አባትም አብሮ ሳቀብኝ። ቆሽቴ እርር አለ።

እሱማ ልጅ ሆኖልሻል። የሰሌን ባርኔጣ ገዝቶ፣ በየክፍሉ እየገባ የልጅ ልጆቹን አልጋ በእርምጃው ይለካል። «ታላቁ እዚህ ይተኛል፣ ትንሿ መስኮቱ ጋ» እያለ። እኔ ስለ ግድግዳው ስንጥቅ ሳነሳ «አንቺ ከድሮም ደስታ ሲያይሽ ይሸሻል» ይለኛል። ሰው ፊት መጨቃጨቅ ነውር ስለሆነ ውጬው እውላለሁ፤ ማታ ሆቴል ስንገባ ደግሞ እሱ ቀድሞ ያንኮራፋል።

በሦስተኛው ቀን «የባሕር ሙሽራ» የሚባል ረጅም ሕንፃ ወሰዱን። ይሄኛው አልቋል፤ ከመስኮቱም ባሕር ይታያል፣ አልዋሽም። የሐዲል አባት መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ። እኔ ግን ከሕንፃው ፊት የታጠረ ባዶ መሬት አየሁና «እዚህ ምን ሊሠራ ነው?» አልኩ። «መናፈሻ» አለኝ ኒዛር። መናፈሻ እንዲህ በቆርቆሮ አጥረው ሲጠብቁት አይቼ አላውቅም። እዚህ ከሚኖር ሰው ጋር አገናኘኝ ስለው «ሁሉም ባሕር ወርደዋል» አለ። ቀና ብዬ ብቆጥረው ያ ሁሉ በረንዳ ባዶ ነው፤ ልብስ የተሰጣው አንዱ ላይ ብቻ ነው።

እኔም ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ወጣሁና በእግሬ ባሕሩን ፍለጋ ሄድኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? አጥሩን ዞሬ ዞሬ የሚያስወጣ መንገድ አጣሁ። በመካከሉ የሐዲል አባት ደውሎ «አዋረድሽኝ!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም በአባታችን ሰፈር አነጋገር፣ የታፈነውን ሁሉ ሰብስቤ ለቀቅሁበት። ስልኩን እንደ ዘጋሁ ከላይ፣ ልብሱ ከተሰጣበት በረንዳ፣ አንዲት ሴት ተጣራች።

«አንቺ ሴትዮ! እንዲህ አድርጎ መሳደብ የሚያውቅ የባስራ ሰው ብቻ ነው! የማን ልጅ ነሽ?»

የአባታችንን ስም ስነግራት «ነይ ውጪ! ብትሄጂ አላህ ይፈርድብሻል!» አለች። ሊፍቱ አይሠራም። ደረጃውን ስወጣ ያለፍኩት በር ሁሉ ጥርቅም ያለ ነው፤ አንዱ በር ሥር የወደቀ በራሪ ወረቀት ተከምሮ አቧራ ጠጥቷል። ሴትዮዋ በሯን በርግዳ ጠበቀችኝ። ሰብርያ ትባላለች፤ ከወንዙ ማዶ የታኑማ ሰው ናት፣ በዕድሜ አንቺን ታክላለች። አቅፋኝ ቶሎ አልለቅ አለች። የደረቀ ሎሚ ሻይ አፍልታ፣ ያላትን ብስኩት ሁሉ ፊቴ ደረደረች።

ስለ ቤቱ ጠየቅኋት። እትዬ፣ ኒዛር እንኳ እንደሷ አላመሰገነውም! ውሃው ጣፋጭ ነው፣ መብራት አይጠፋም፣ ጎረቤቶቹ ወርቅ ናቸው፣ ባሕሩ ከደጅ ነው አለችኝ። ሊፍቱስ ብላት «ዛሬ ብቻ ነው» አለች። ኮሪደሩ ላይ በውሃ የተሞሉ ባልዲዎች አይቼ ለምን እንደሆኑ ብጠይቃት «ለአበቦቼ» አለች። በቤቱ ውስጥ አንድም አበባ አላየሁም። ግን የገዛ አገሬ ሴት ናት፤ እንዴት ትዋሸኛለች? በመጠርጠሬ አፈርኩ።

ወዲያው የሐዲል አባትና ኒዛር ድምፃችንን ተከትለው እያለከለኩ ደረሱ። ኒዛር የሴትዮዋን ምስጋና ሲሰማ ሎተሪ የወጣለት መሰለ። «ይኸው! ከራስሽ አገር ሰው አፍ!» አለኝ። ሰብርያም «የኔን ጎን ቤት ግዙ፤ ግድግዳውን እያንኳኳን እንጠራራለን» አለች። የሐዲል አባት በኩራት አየኝ። «የቤቱ ጌታ የት ናቸው፣ ሰላም ልበላቸው?» ሲላት «ገበያ ወጥቷል» አለችው። ወንዶቹ ቀብድ ሊነጋገሩ ወረዱ።

ብቻችንን ስንቀር ክንዴን ያዘችኝ። «መቼ ትገባላችሁ?» አለች። የምንመጣው ለበጋው ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። ፊቷ ክስም አለ። «በብርዱ ጊዜስ? በብርዱ አትኖሩም?» አለችና እንደ ሕፃን ሆድ ብሷት ተንሰቀሰቀች።

ባሏ ዓዋድ ገበያ አልወጣም፣ እትዬ። ባለፈው ክረምት ነው የሞተው። ሰው ስትፈልግ ደረጃውን ወጥታ ወርዳ ያላንኳኳችው በር የለም፤ የሚከፍት ግን አልነበረም። በበጋ የሚሞላው ሕንፃ በክረምት ወና ነው። አስከሬኑን በደረጃ ያወረዱላት አጠገቡ ያለውን ሕንፃ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ቋንቋቸውን አታውቅም፣ «አላህ ይስጥልኝ» እንኳ በወጉ አላለቻቸውም። የታኑማ ቤታቸውን ሸጠው እዚህ የገዙት ስዊድን ላሉት ልጆቻቸው ብለው ነበር። ልጆቹ አንድ በጋ መጡ። እሷ ልሽጥ ብትል ደግሞ ደላሎቹ አዲሱን እንጂ የሷን ለማንም አያሳዩም።

«ውሃው በየጊዜው ይጠፋል፣ ፊት ለፊታችን ሌላ ፎቅ ሊቆም ነው፣ ሁሉንም ዋሸሁሽ» አለችኝ። «ምን ላድርግ? ጎረቤት ፈለግሁ። ሌባም ቢሆን ይምጣልኝ ብዬ የለመንኩበት ቀን አለ።»

ልቆጣት ብዬ ነበር፤ ግንባሯን ሳምኳት። ስወርድ የሐዲል አባት ብዕር ይዞ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ እየሰማ «አትፈርም» አልኩት። «ደስ ያለኝን ነገር ሁሉ ከእጄ መንጠቅ አይሰለችሽም?» ብሎ ጮኸ። «ውጣና ባሏ የት እንዳለ ጠይቃት» አልኩት። እየተነጫነጨ ወጣ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ቆይቶ ሲመለስ ባርኔጣው በእጁ ነበር። «ዛሬ አይሆንም፣ ልጄ» ብሎ ብዕሩን ለኒዛር መለሰለት።

ያ ማር ምላስ መረረ። «የልጆቼን ጉሮሮ ዘጋችሁ! የሆቴሉንም ራሳችሁ ክፈሉ!» ብሎ ሌሎቹን ጭኖ እኛን አስፋልት ዳር ትቶን ሄደ። በዚያ ፀሐይ፣ በሰው አገር፣ አውቶቡስ ጠብቀን ተመለስን። የሐዲል አባት ሆቴል እንደገባ ለልጁ ደወለ። ቤቱ እንደቀረ በስንት መከራ ሲነግራት «አባዬ፣ እኔ እኮ ምናልባት እንመጣ ይሆናል ነው ያልኩት። የሚመጣውን በጋማ ለባለቤቴ ቤተሰቦች ቃል ገብተናል» አለችው። «ደህና፣ ደህና» ብሎ ዘጋ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ሲያይ ሳየው ለክርክር ያጠራቀምኩት ቃል ሁሉ በኖ ጠፋ። በሐዲል ተናደድኩ፣ በደላላው ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ ግን የምናደድበት አንድ ሰው አጥቼ ተናደድኩ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በኋላ «ያቺን ሴትዮ እንዴት ትተናት እንሄዳለን?» ያለው እሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም። በማግስቱ ተመልሰን ሄድንና ከእኛ ጋር ነይ አልናት። አሻፈረኝ አለች። «ዓዋድን ለማን ትቼ?» አለች። የሐዲል አባት መቃብሩ ድረስ ወሰዳት፤ የፋቲሓን ጸሎት ቀሩለት፤ ከዚያ እሱ ራቅ ብሎ ቆሞ ጠበቃት፣ እሷ ብዙ ስታወራው ቆየች። ስትመለስ «በበጋ እየመጣሁ አየዋለሁ፤ በክረምቱ ብቀር አይቀየመኝም፣ ድሮም ብርድ አይወድም ነበር» ብላ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች።

እንግዲህ እትዬ፣ እርሻው አይሸጥም። ሐዲል ናፍቆቷ ከጠናባት ባስራ የት እንዳለ ታውቃለች። አንቺን ሳላስፈቅድ ግን እንግዳ ጠርቻለሁ። ወደ ጓሮው የሚከፈተውን ክፍል አስጠርጊልን፤ ልትቆጪ ከፈለግሽ እኔን ተቆጪ፣ እሷን አደራ።

ማጂድን ሰላም በይልኝ፤ ሳሉን እንዳይንቅ። ለሩቅያ የሕፃን ልብስ ይዤላታለሁ፤ ከባድ እንዳታነሳ። የአክስታችን የነዕይማን እጅ ሳሚልኝ፤ የሐዲል አባት ባርኔጣ ደፍቶ ሲመጣ እንዳትስቅበት ንገሪያት፣ ልቡ ተሰብሯል። ለአጥር ጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ለምንጣላቸውም ጭምር፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ሰብርያ ስለ አንቺ ጠይቃኛለች፤ «እህትሽ ወሬ ትወዳለች?» አለችኝ። «ከንጋት ሱብሒ እስከ ማታ ዒሻ አፏ አይዘጋም» አልኳት። ካገኘኋት ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ስንደርስ እንግዳ ናት ብለሽ ዝም እንዳትዪ።

ታናሽ እህትሽ ናጅያ

ከሜርሲን፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2021