የንብ ሙጫን በሐቅ የፈተኑት እኅታችን የሕይወት ታሪክ

ከጣውላው ግድግዳ ማዶ ሁለት ሰዎች ይከራከሩ ነበር። አንደኛው፣ የንብ ሙጫ ቀብቼ ድዴ ዳነልኝ ይላል። ሁለተኛው፣ ባትቀባውስ አይድንም ነበር ወይ ብሎ ይመልሳል። ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን ይህን የሰሙት ገና ፊደል ሳይቆጥሩ፣ ተኝታለች በተባሉበት አልጋ ላይ ሆነው ነው። ተከራካሪዎቹ አናጢው አባታቸውና ንብ አርቢው አጎታቸው እንደነበሩ አይጠራጠሩም፤ የትኛው የቱን እንደተናገረ ግን ዕድሜ ልካቸውን አልለየላቸውም። አንድ ሰሞን አባባ ናቸው ይላሉ፣ ሌላ ሰሞን ጋሼ ናቸው ይላሉ። ጥያቄው ግን ልባቸው ውስጥ ገብቶ ቀረ።

እኅታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ፊቱ የአናጢ ሱቅ፣ ጓዳው መኝታ ስለነበር፣ ልጆቹ ከፀጉራቸው ላይ ሰጋቱራ እያራገፉ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ገና በልጅነታቸው ማንም ምንም ቢነግራቸው መልሳቸው አንድ ነበር፤ “ይታያል።” እናታቸውም፣ “ይቺ ልጅ ዝናብ ጣለ ሲሏት እንኳ እጇን በመስኮት አውጥታ ነው የምታምነው” ይሉ ነበር። ወንድምና እኅታቸው ለማብሸቅ “ይታያል” ብለው ያወጡላቸው ስም አብሯቸው አድጎ፣ ኋላ ሆስፒታሉ ሁሉ “እትዬ ይታያል” ብሎ ጠራቸው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው፣ የመድኃኒት ቅመማ ትምህርታቸውን በ1966 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በዚያው ዓመት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ ምድር ቤት በመሆኑ በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነበር፤ እትዬም ሰውን በጫማው ለይተው ሰላም ለማለት በቁ። የኋላ ባለቤታቸውን፣ የሂሳብ መምህሩን፣ ያወቋቸውም እዚያው ነው። መምህሩ የሳል ሽሮፕ ሊገዙ መጥተው፣ “በእርግጥ ይሠራል?” ብለው ቢጠይቁ፣ “ብዙም አይሠራም” የሚል መልስ አገኙ። የሸጠችውን የማታሞግስ ሴት አግኝቼማ አልለቅም ብለው በየሳምንቱ ሳል ሳይኖራቸው ሲመላለሱ ከርመው፣ በ1969 ዓ.ም. ተጋቡ። አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ።

ንብ ከዛፍ ላይ ሙጫ ለቅማ፣ ከሰም ጋር አላቁጣ የቀፎዋን ስንጥቅ ትደፍንበታለች። ባለሙያዎች ፕሮፖሊስ ይሉታል። አጎታቸው ይህን በአልኮል በጥብጠው በጠርሙስ ይሸጡ ነበር፤ በእርሳቸው አነጋገር ከራስ ምታት እስከ ዕዳ የማያድነው ነገር አልነበረም። ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር የጨረር ሕክምና የሚወስዱ ሰዎች አፋቸው እየቆሰለ ምራቃቸውን እንኳ መዋጥ ሲያቅታቸው፣ ያንን ጠርሙስ ይዘው እትዬ መስኮት ላይ ይቆማሉ። ይጠቅመኛል ወይስ ልጣለው? እትዬ መልስ አልነበራቸውም። ይህም እንቅልፍ ነሳቸው፤ በዚያች መስኮት የማያውቁትን ነገር ለሰው አቀብለው አያውቁምና።

በ1983 ዓ.ም. ጥናቱን ጀመሩ። ከበሽተኞቹ እኩሌታው ከሕክምናቸው ጎን ለጎን በእውነተኛው የንብ ሙጫ ውህድ፣ እኩሌታው በመልክም በመዓዛም በጣዕምም እርሱን በሚመስል ባዶ ውህድ አፋቸውን እንዲጉመጠመጡ ዕጣ ወጣ። የትኛው ለማን እንደደረሰ በሽተኛውም ነርሷም ሐኪሙም አያውቁም። አስመሳዩን መቀመም ብቻውን ረጅም ሥራ ነበር። አጎታቸው ቀማሽ ሆነው፣ “ይሄ ዘመዴ አይደለም” እያሉ ስንቱን ተፉት። በመጨረሻ ባዶውን የእኔ ነው ብለው ሲያሞግሱ የተያዙ ዕለት አኩርፈው ወጡ፤ እትዬ ግን በደስታ ሳቁ።

ሁለት ዓመት ተለፍቶ ውጤቱ ሲታይ በሁለቱ መካከል ቅንጣት ልዩነት ጠፋ። አይሠራም ተብሎ ሊዘጋ ሲል፣ እትዬ በመጉመጥመጫው ሰዓት ሳይነግሩ ወደ በሽተኞቹ ክፍል ጎራ አሉ። በሽተኞቹ የየጠርሙሳቸውን በአንድ ጆግ ገልብጠው፣ በኩባያ እየለኩ ይከፋፈላሉ። አከፋፋዩ “ሊቀ መንበር” የሚሉት የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ የነበረ ሰው ነው። ምንም ሳይደነግጥ እንዲህ አላቸው፤

“እትዬ፣ አንዱ እውነተኛ፣ አንዱ ባዶ መሆኑን ነግራችሁን ፈርመናል። ታዲያ አጠገቤ የተኛው ባዶውን ሲጉመጠመጥ እኔ መድኃኒቱን ብቻዬን ልጉመጥመጥ? ደባልቀን እኩል ነው የምንካፈለው። ደግሞ ማንም አላጭበረበረም፣ በኩባያ ነው የምለካው።”

እትዬ እዚያው ሳቁ፤ ምድር ቤት ወርደው ደግሞ አለቀሱ። የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ፣ ማንም አላየ፣ ውጤቱ እንዳለ ይውጣና ይገላግለን ብለው መከሯቸው። እኅታችን ግን ጥናቱን በፈቀደውና ገንዘብ በሰጠው ጉባኤ ፊት ቆመው፣ “የንብ ሙጫ ይሥራ አይሥራ አላወቅንም። ያወቅነው በሽተኞቻችን ከእኛ ይልቅ ደጎች መሆናቸውን ነው። ጥናቱ ተበላሽቷል” አሉ። ድጋፉ ተቋረጠ፣ ሊሰጣቸው የታሰበው የኃላፊነት ቦታም ለሌላ ሆነ። አጎታቸውም፣ እኔን ሙጫ ሻጭ አንቺን ውኃ ሻጭ አደረጉን እያሉ ሰነበቱ።

እትዬ ተስፋ አልቆረጡም። በጸሎታቸውም ትዕግሥትን እንጂ ውጤትን አልለመኑም፤ ውጤት ተሠርቶ የሚገኝ ነው ይሉ ነበር። ቆይተውም መፍትሔውን ከራሳቸው ከበሽተኞቹ ወሰዱ። በአንድ ክፍል የተኛ ሰው መካፈሉ ካልቀረ፣ ዕጣው ለሰው ሳይሆን ለክፍል ይውጣ! ክፍሉ በሙሉ እውነተኛውን፣ ወይም ክፍሉ በሙሉ ባዶውን ይጉመጥመጥ፤ ቢፈልጉ በጆግ ይደባልቁት። ባለቤታቸው ስሌቱን ሠርተው፣ ለዚህ አንድ ሆስፒታል አይበቃም አሉ። እትዬም ጉባኤውን ደጅ ሲጠኑ ኖረው በ1992 ዓ.ም. ተፈቀደላቸው። በየከተማው ሆስፒታል በአውቶቡስ ዞሩ፤ ሕመሙ የለቀቀው ሊቀ መንበርም አብሯቸው እየዞረ፣ “በክፍላችሁ ተካፈሉ፣ ከክፍላችሁ እንዳታሳልፉ” እያለ አስተባበረ።

ምስጢሩ የተገለጠው በ1997 ዓ.ም. በሙሉ አዳራሽ ፊት ነው። እውነተኛው በደረሳቸው ክፍሎች ቁስሉ ቶሎ ጠግጓል፤ ሾርባ ቶሎ ውጠዋል፤ በሕመም ብዛት ጨረሩን ያቋረጡትም ጥቂት ናቸው። ውጤቱ እንዳለ ይውጣ ያሉት ኃላፊ ከሁሉ ቀድመው ቆመው አጨበጨቡ፣ አዳራሹም ተከተለ። እትዬ እጃቸውን አንሥተው ጭብጨባውን ገቱና፣ “ቁስሉን አቀለለ እንጂ በሽታውን አልነካውም። የሐኪማችሁን ሕክምና ትታችሁ ይህን ብትይዙ እኔ የለሁበትም” አሉ። ጭብጨባው ከበፊቱ ብሶ ቀጠለ። በዚያ ዓመት ውህዱ በሆስፒታሉ ከዋናው ሕክምና ጎን እንዲሰጥ ተወሰነ፤ በዚያች የምድር ቤት መስኮትም ለቆመ ሰው መልስ ተገኘ።

በ2002 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላም ወጣቶችን ማስተማር አልተዉም። በ2015 ዓ.ም. አንገታቸው ላይ ዕጢ ተገኝቶ እርሳቸውም የጨረር ሕክምና ጀመሩ። በዚያን ጊዜ፣ ቀድሞ ተማሪያቸው የነበሩ ሴት ሐኪም፣ ከንብ ሙጫ የተሠራ የሚመጠጥ ከረሜላ ለአፍ ድርቀት ይጠቅም እንደሆነ ያጠኑ ነበር። እትዬ መዝግቢኝ አሉ። ሐኪሟም፣ እርስዎማ እውነተኛውን ከባዶው በምላስዎ ይለዩታል፣ አይሆንም ብለው መለሷቸው። ጨረሩ ጣዕም ሲነሳቸው ተመልሰው ሄዱና፣ “አሁን ማርና ሳሙና አልለይም፤ ብቁ ነኝ” አሉ። ተፈተኑ፤ ሳይለዩ ቀሩ፤ ፈተና ወድቀው የተደሰቱት በዕድሜያቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ተመዘገቡም። አፋቸው ረጥቦላቸው እስከ መጨረሻው ሰሞን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሲጫወቱና ሲያሾፉ ከርመዋል።

ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በከበቡት አልጋቸው ላይ ዐረፉ። ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከአራት የልጅ ልጆቻቸው ሌላ አንድ ወንድምና አንዲት እኅት ትተዋል። የተሰወረውን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያኑርልን፤ እኛንም ያጽናን።

ትናንት ሐኪሟ ለማጽናናት ቤት መጥተው ነበር። ባለቤታቸው፣ ለእርሷ የደረሳት የትኛው ነበር ብለው ጠየቁ። ጥናቱ ገና አላለቀም፤ አሁን ከተነገረ የእትዬ ውጤት ከቁጥር ይወጣል። ሐኪሟ ይህን አስረድተው፣ ሐዘንዎን የሚያቀልልዎ ከሆነ ግን ዛሬውኑ እነግርዎታለሁ፣ ፈቃዱ የእርስዎ ነው አሉ። አንድ ሕይወት አብረው የኖሩት የሂሳብ መምህር ግን ሚስታቸው ከሌሎቹ ጋር እንዲቆጠሩ፣ እርሳቸውም እንደማንኛውም ሰው ጥናቱ እስኪያልቅ ሊጠብቁ ተስማሙ።