የዶክተሩ ክምር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12። ካፊያ። የነበርነው ዶክተሩ፣ ሁለት ረዳቶቻቸው፣ የፋብሪካችንን የጨርቅ ማንጫ ዱቄት በብልቃጥ ይዤ የመጣሁት እኔ።

እህት ዓለም፣ እዚህ ላቦራቶሪ ዱቄቱን ጥፍር በምታክል ሳህን ያሞቁታል፤ ስንት ዲግሪ ላይ ግሎ እንደሚቆጣ ማሽኑ በመስመር ይስላል። ዶክተሩ ሳህኗን ጢም አድርገው ሞሉና ከደኗት። መስመሩ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«አደገኛ ነው፤ ፋብሪካችሁ ይዘጋ» ብለው ሪፖርት መጻፍ ጀመሩ።

«ዶክተር፣ እርጥብ ጭድም ሲከመር ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ከውስጥ ይግላል፤ ሲበተን ግን አደብ ይገዛል» አልኩ።

«እሜቴ፣ ይሄ ሳይንስ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንዱን ረዳት ለምኜ ማሽኑን አስከፈትኩት። በክብሪት እንጨት ጫፍ ቁንጥር ዱቄት ወስጄ ሳህኗ ላይ ስስ አድርጌ ዘረጋሁት፤ ሳልከድነው ተውኩት። መርፌው ጠፍቶ ዝቅ ያለች ጉብታ ወጣች። ዶክተሩ መስመሩን አይተው፣ «ትናንት ማሽኑን አሞት ነበር» አሉና ሪፖርቱን ቀደዱት።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ለፋብሪካው ሴቶች ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ ሥራችን አይዘጋም። አንቺ ግን የመጋዘኑ ቁልፍ በእጅሽ ነውና፣ እስከ ጣሪያ የከመርነውን የዱቄት ጆንያ ዛሬውኑ አራርቂው። ጉዱ ያለው ክምሩ ላይ ነው።