ለአናጢው አባቴ፣ ስለ ሳሎኔ ወለል

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ቸሩ፣
ደሴ።

አባዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን የሚይዝዎ ነገር ተሻለዎ ወይ? የእምዬስ ዓይን እንዴት ሆነላት? ጠዋት ወደ ሥራ ቤት ሲወጡ ጋቢዎን ይደርባሉ ወይስ እንደ ልማድዎ እምቢ ብለዋል? እኔና ባለቤቴ ረጋሳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብንም።

ክረምቱን ሙሉ ስለ ቤታችን ወለል አንድም ቃል ያልጻፍኩልዎ ረስቼ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። በሚያዝያ «የአናጢ ልጅ ሲሚንቶ ላይ አትኖርም። ሙሉ ጣውላ አስነጥፊ፤ በሙጫ የተጣበቀ ነገር ቤትሽ እንዳይገባ» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። እኔ ያስነጠፍኩት ግን በሙጫ የተጣበቀውን ነው። ሳይቆጡ የሆነውን ይስሙኝ።

ክልሉ አዲስ ስለሆነ አሶሳ ውስጥ ቤት የማይሠራ የለም። እኛም በተሰጠን ቦታ ላይ አንድ ሳሎንና ሁለት ክፍል አቆምን። ረጋሳ ሲሚንቶ ይበቃናል ቢልም፣ እኔ የእርስዎን ቃል ይዤ ጣውላ ፍለጋ ወጣሁ። ሥራውን የያዘልን ጁምዓ የሚባል የዚሁ አገር አናጢ ነው፤ በዕድሜ ከእርስዎ ብዙም አያንስም። ሐሳቤን ስነግረው መጀመሪያ አንድ ሰው ቤት ወሰደኝ። ወለሉ ሙሉ ጣውላ ነው፤ ነገር ግን ጠርዝ ጠርዙ ተነሥቶ በሩን አላስከፍት ብሏል፤ መሃል ለመሃል ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ጁምዓ አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛውን እንደመጣለት ነው የሚናገረው። «እዚህ አገር ክረምት ብዙ ነው። እንጨት ውሃ ትጠጣለች፣ ትወፍራለች። በጋ መጣ፣ ትከሳለች። እንጨት ጥፋት የለውም» አለኝ።

ከዚያ ሁንዴሳ የሚባል ነጋዴ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን የተነባበረ ወለል አሳየኝ። ላዩ እውነተኛ እንጨት ነው፤ ከሥሩ ግን እንደ ኮምፔንሳቶ ስስ ስስ ሆኖ ተደራርቦ የተጣበቀ ነው። እኔም እንደ እርስዎ ፊቴን አዞርኩ። ጁምዓ ከሁለቱም ዓይነት ቁራጭ ወስዶ ሦስት ቀን በሳፋ ውሃ ከነከረ በኋላ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው። ሙሉው ጣውላ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ተቆለመመ፤ የተነባበረው እንደነበረ ቀረ። ጠርዙን አስጠግቼ ሳየው፣ የአንዱ ንብር መስመር በቁመት ሲሄድ የሚቀጥለው በአግድም ነው የሚሄደው። እርስዎ የበር ሳንቃ እንዳይጣመም ከጀርባው አግድም ማሰሪያ የሚመቱበት ዘዴ አይደለም ወይ? ሳቄ መጣ። ጁምዓ ምን እንዳሳቀኝ ሲጠይቀኝ «አባቴን እዚህ አገኘሁት» አልኩት።

በግንቦት አነጠፈልን። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ በየጠዋቱ በባዶ እግሬ እየዞርኩ ጠርዙን ስዳብስ ከረምኩ። ረጋሳ «ወለል ነው ወይስ በሽተኛ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይኸው ክረምቱ አለፈ፤ አንዲት ጣውላ እንኳ አልተነሣችም። ሲሚንቶ ይበቃናል ያለው ሰው ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጫማ የሚያስወልቅ እሱ ራሱ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ደስታም አለን፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በጥር እወልዳለሁ። የልጁን ክፍል አላስነጠፍኩትም። ጁምዓ ሊጀምር ሲል አባቴ ይመጣል ብዬ ከለከልኩት። አልተቀየመኝም፤ «ደግ ነው። እኔ እንጨት እይዛለሁ፣ እሱ ይመታል» አለኝ። መንገዱ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ይምጡልኝ። እንጨቱን እርስዎ ይምረጡ። ሙሉ ጣውላ ይሁን ቢሉም ቃል አይወጣኝም፤ ልጄ የሚድህበትን የአያቱ እጅ እንዲያነጥፈው ብቻ ነው የምፈልገው።

የእምዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። እህቴን ሸዋሉልን ስለላከችው በርበሬ ያመስግኑልኝ። ለልጇ ለሩሐማ ከወለሉ ትራፊ ጁምዓ የሠራት ትንሽ በርጩማ አለቻት፤ ሲመለሱ ይዘውላት ይሄዳሉ። ረጋሳ እጅ ይነሣል።

ልጅዎ ዘመናይ ቸሩ
አሶሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1991 ዓ.ም.