ከመርፌው በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ሰይፉዬ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደቻቱ ትናንት ሞልቶ ወረደ። አንተ ድልድዩ ላይ ቆመህ ጎርፉን ካላየህ ክረምት የገባ አይመስልህም ነበርና፣ ልጃችን ሜሮን በአንተ ፈንታ ቆማ አየችልህ። ጫማዋን አጨቅይታ መጣች፤ ቁርጥ አባቷን።

ቤቱ ደህና ነው። ታይዋን ገበያ ያለችውን የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅህን ሜሮን ከትምህርት መልስ ትከፍታታለች። አሁን የምትጠግነው ስልክ ነው፤ ሬዲዮ የሚያመጣ ሰው ጠፍቷል። ሽርጥህን ደግሞ እኔ ወርሻታለሁ። በዚህ ሙቀት ምን ላድርግ፣ አቦ!

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ክሊኒኩ ነው። ጉሮሮህን አሞህ በእግርህ ገብተህ፣ ያቺን መርፌ ተወግተህ በዚያው የቀረህበት። የወጉህ ሰውነትህ የማይቀበለውን ፔኒሲሊን ነበር። እኛስ መች አወቅን? ቢዮ አዋሌ ለሥራ ሄደህ፣ ታመህ ተወግተህ፣ ፊትህ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ የመጣህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? መርፌውን ትተህ እዚያ የጠጣኸውን የግመል ወተት ከሰስክ! ከዚያ ወዲያ ግመል ባየህ ቁጥር ፊትህን ታዞር ነበር። ያንን ወሬ ያልነገርከው ሰው ድሬ ውስጥ የለም፤ ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ፣ አንዳችንም መርፌውን አልጠረጠርንም። የክሊኒኩ ባለሙያ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቅህ ኖሮ ወሬውን ከነግመሉ ታወርድለት ነበር። አልጠየቀህም። አሁንም ስጽፈው ያንገበግበኛል።

አቤቱታ ሳስገባ ዘመድ ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለኝ። ቀኑ ደርሶ ነው፣ ከፈጣሪ ጋር አትጣዪ ያለኝም አለ። ከዚያ ባለሙያው ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ፤ ጎረቤታችን ሐጂ ዩሱፍ ከፊት፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከኋላ። እግሬ ላይ ወደቀ። ልጅ እግር ነው ሰይፉዬ፤ ሲያለቅስ አንጀቴን በላው። ድንጋዩን አወረድኩለት፤ ይቅር አልኩት፣ ከልቤ። ሐጂም ታዲያ ይቅር ካልሽው ክሱ ምን ያደርግልሻል፣ ሄደሽ አንሺው አለኝ። በወጋችን እውነቱን ነው፤ ከታረቁ ወዲያ ነገር አይጎተትም።

ጨነቀኝ። ባነሳው አንተን የካድኩህ መሰለኝ፤ ባላነሳው ሽማግሌ ናቀች ሊባል ነው።

የጤና ባለሙያዎችን ሥነ ምግባር የሚመረምረው ቦርድ ዘንድ ሄጄ ታርቀናል፣ ልተወው አልኩ። ሰብሳቢዋ አንቱታ የማታውቅ የድሬ ልጅ ናት። ድሮ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ይዘጋ ነበር፤ አሁን ግን አስተዳደሩ ባወጣው አዲስ ደንብ፣ ባለጉዳይ ቢታረቅም ምርመራው አይቆምም አለችኝ። ይቅርታው ያንቺ ነው፣ የሥራ ፈቃዱ ግን ነገ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው በሽተኛ ጉዳይ ነው አለች። ሽማግሌም አልናቅሁ፣ አንተንም አልካድኩ። እፎይ ብዬ የግመል ወተቱን ወሬ ከሥሩ ነገርኳቸው።

ፈቃዱን አገዱት፤ እንደገና ሠልጥኖ እንዲመለስም ወሰኑ። ክሊኒኩም በሽተኛውን ሳይጠይቅ መርፌ እንዳይወጋ ታዘዘ። ሐጂ ግን አኮረፈኝ፤ ሰላምታዬን እንኳ በግድ ነበር የሚመልሰው።

ባለፈው ሳምንት ሐጂን ትኩሳት ጣለው። ኩርፊያ ለጤነኛ ነው ብዬ በባጃጅ ጭኜ ወሰድኩት። ቅርባችን ያው ክሊኒክ ነው። ያ ልጅ ሥልጠናውን ጨርሶ ሥራ ላይ ተመልሷል። ሲያየኝ አንገቱን ደፋ። መርፌውን ከመቅዳቱ በፊት ግን ሐጂን የማይስማማህ መድኃኒት አለ ወይ፣ ተወግተህ አብጠህ ወይ አሳክኮህ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ሐጂን ታውቀዋለህ፤ አንድ ነገር ከጠየቁት ከልጅነቱ ነው የሚጀምረው። የጅቡቲን ባቡር አነሳ፣ የናቱን ባል ዘመዶች አነሳ። ልጁ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስከ መጨረሻው ሰማው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ደግሞም ሳቅሁ። ስንወጣ ሐጂ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ እንኳን ያ ክስ አልተዘጋ አለኝ።

አልረሳህም ሰይፉዬ። ወሬህን ሜሮን ከነሳቅህ ይዛዋለች። እኔም ክሊኒክ በገባሁ ቁጥር፣ ስለ ራሴ ሲጠይቁኝ፣ መጀመሪያ ያንተን የግመል ወተት አወራላቸዋለሁ።

ያንተው አልማዝ