ምዕራፍ ሦስት ላይ የተገኘው ሰዓት ሠሪ

ለምትናፍቂኝ አክስቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግርሻል? እኛ ደህና ነን፤ እናቴም እንደ ልማዷ እየተቆጣች ደህና ናት። የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን ግን አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የነካው የለም።

ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፤ ወንጀሉ የሚያስፈራ፣ ሰዎቹ የሚያስቁ። ሰዎቹን የሰበሰብኳቸው ከቁምስናችን ምእመናን መካከል ነው። አባ መናዘዣው ውስጥ እንቅልፍ ይወስዳቸውና ተናዛዧ ማንኮራፋታቸውን እንደ ተግሣጽ ቆጥራ አልቅሳ ትወጣለች።

ሟቹን ግን ከራሴ ፈጠርኩት፤ አንድ ሰዓት ሠሪ። በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ፣ ቅዳሴ ላይ እንዲታወሱ የሚፈለጉ ሙታን የሚጻፉበት ደብተር አለ አይደል? ባለፈው እሑድ «ለሰዓት ሠሪው ነፍስ» ብዬ ጻፍኩበት። አባ የተጻፈውን ሁሉ ሳይጠይቁ ያነባሉ፤ ሲነበብ እንዴት እንደሚሰማ ለማወቅ ነበር። አነበቡት።

ከቅዳሴ በኋላ አበባ የሚያሰናዱት እትዬ፣ ምስኪኑን ያ ሳሉ ገደለው አሉ። ደወል ደዋዩ ጋሼ ደግሞ የምን ሳል አመጣሽ፣ እግሩን ነበር እንጂ የሚያመው ብለው ተቆጡ። ሳቄን ለመደበቅ የመዝሙር መጽሐፌን ነከስኩት። ትልልቅ ሰዎች አላውቅም ከሚሉ ቢሞቱ ይመርጣሉ መቼም! ከዚያ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ደግሞስ መሞቱን ማን ነገራችሁ፣ ከሰባት ዓመት በፊት ሳይሰናበት ሄደ እንጂ አሉ።

ሰውየው የእውነት ነበረ ማለት ነው።

አባ የእጅ ጽሑፌን ለይተው ጠሩኝ። ልቦለድ ነው ብዬ፣ ጋሼም ቆመው እየሰሙ አነበብኩላቸው። ማንኮራፋቱ ጋ ከልባቸው ሳቁ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ሬሳው ከኦርጋኑ ጀርባ፣ ከወለሉ ሳንቃ ሥር ሲገኝ ግን ሳቃቸው ቆመ። ሳንቃው መቼ ነበር የተቀየረው ብለው ጋሼን ጠየቁ። ጋሼም ሰውየው በሄደ በሳምንቱ፣ የዚች ልጅ አክስት በስብሷል ብላ ያስቀየረች ጊዜ አሉ። ወዲያው እጄ ላይ ያለውን፣ ስትሄጂ የሰጠሽኝን የወንድ ሰዓት አይተው አማተቡ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ከራሴ አልፈጠርኩትም። ልጅ ሆኜ አልተኛም ስል የምትነግሪኝ ተረት ነው፤ ከኦርጋኑ ጀርባ የተኛው፣ ዜማው ሲቆም የሚነቃው ሰው። ለዚህ ነው መጫወት የማላቆመው ትዪኝ ነበር።

ለአባ ሁሉም ፈጠራ ነው ብያቸዋለሁ። ይህን ውሸት ሲያንኮራፉ ጠብቄ እናዘዘዋለሁ።

አባ የጠሩት አናጺ ሳንቃውን ሊያነሣ ሐሙስ ይመጣል። አንቺም በዚያው ሰሞን እመጣለሁ ብለሽ እናቴ አልጋ እያነጠፈችልሽ ነው። መንገዱ ግን ለወገብሽ ጥሩ አይደለም።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፤ እዚያው ባለሽበት።

በተረትሽ እያስተኛሽ ያሳደግሻት
የእህትሽ ልጅ