የግርማ ባሌስትራና የመንገደኞች ምርቃት

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.፤ የኪዳነ ምሕረት ዕለት።

ልጄ ግርማ ዕለት ዕለት ሥራ በሚሄድባት መኪና የኋላ ባሌስትራ፣ ሸክሟን በሚችለው ድርብርብ ብረት ላይ፣ ሌላ ብረት አስጨምሮበታል። አልፎ አልፎ እሑድ በካራ መንገድ ከጓደኞቹ ጋር ይሽቀዳደማል፤ መኪናዋ ተፈትልካ ስትነሣ ኋላዋ እንዳይዘቅጥ ነው ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ግን በየጉድጓዱ ትነጥራለች። ወገቧን የታመመችው ባለቤቴም ይህን ፈርታ ወደ እንጦጦ ጠበል መሄዱን ትታ ነበር።

ዛሬ ለምኖ አሳፈራት። ከየካ ሚካኤል ብዙም ሳንርቅ፣ «አንተ ልጅ፣ በቅሎ በተሻለኝ» አለችው።

«እማዬ፣ ባዶ ስለሆነች ነው። ክብደት ስታገኝ ትለዝባለች።»

በአቀበቱ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው የሚወጡ ብዙዎች ነበሩ። ግርማ አንድ ቀጭን አዛውንት አልፎ፣ ወፈር ካሉ ሁለት እናቶች ዘንድ ቆመና ከኋላ፣ ከእናቱ ጎን አስቀመጣቸው። እንዳለውም መኪናዋ ለዘበች፤ ባለቤቴ እስክንደርስ አንድም ጊዜ አላቃሰተችም።

ሴቶቹ ሲወርዱ፣ «የኔ ልጅ፣ ለደካማ የምታዝን፣ የልብህን ይሙላልህ» ብለው መረቁት። የልቡን እኔ አውቃለሁ፤ የፊታችን እሑድ ቀድሞ መግባት ነው። ያን ብረት እንዲያስወጣ ልገሥጸው አስቤ ነበር። ሆኖም ምርቃት ነውና «አሜን» አልሁ።

ማታ ባለቤቴ፣ «ለእሑዱም ነው አሜን ያሉት?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ቀጭኑን ሰውዬ ስንመለስ አሳፍሮት የለ?» አልኋት። የጠየቀችኝ ግን ይህን አልነበረም።